ሥራው አዲስ አበባ፣ እናንተ ባሕር ዳር፦ ሻንጣ ሳትይዙ የዌብ ዲዛይን ሥራ እንዴት ይገኛል?

አዲስ አበባ ላለ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳመለክት ሲቪዬ ላይ አድራሻዬን «አዲስ አበባ፣ ቦሌ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ቦሌን ከአውሮፕላን ማረፊያው ስም በቀር አላውቀውም። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ጣና ዳር ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን፣ ዓሣው ቀርቦ፣ እጃችንን ታጥበን ስልኬ ጠራ። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ ብቅ ይበሉ» አለኝ አንድ ሰው። በእኔና በቢሮው መካከል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድና የዓባይ በረሃ አለ። «ነገ እንኳ አይመቸኝም» አልኩ። «እሺ፣ ሰኞስ?» «ሰኞም ትንሽ...» ዝም አለ። ከዚያ «ለመሆኑ አሁን የት ነው ያሉት?» ሲለኝ ባሕር ዳር መሆኔን ተናገርኩ። «ታዲያ ቦሌን ምን አመጣው?» አለና ተሰናበተኝ። ዓሣው በረደ።

ሁለተኛው ሙከራዬ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። «እዚያው ካልሄዱ ሥራ አይገኝም» ሲሉኝ ሻንጣዬን ይዤ አዲስ አበባ፣ ጀሞ ሰፈር ዘመድ ቤት ገባሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ ለታክሲና ለኢንተርኔት ካርድ ስከፍል ከርሜ ኪሴ ባዶ ሲሆን ተመለስኩ። ሥራውን ያገኘሁት በሦስተኛው ነው፤ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ባለው ክፍሌ ቁጭ ብዬ። ከዚህ በታች ያለው መንገድ ከሁለቱ ውድቀትና ከአንዱ ስኬት የወጣ ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከፖሊም ሆነ ከፔዳ ለተመረቃችሁ፣ ራሳችሁንም ላስተማራችሁ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

1. ሥራውን በስሙ ፈልጉት

«ዌብ ዲዛይነር» የሚል ማስታወቂያ ብቻ የምትጠብቁ ከሆነ ብዙ ትጠብቃላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ይኸው ሥራ በአምስት በስድስት ስም ነው የሚወጣው። የሶፍትዌር ቤቶች «ዩአይ ዩኤክስ ዲዛይነር» (የገጹን መልክና አጠቃቀም የሚነድፍ) ወይም «ፍሮንት ኤንድ ዴቨሎፐር» (ንድፉን በኮድ የሚሠራ) ይሉታል። የማስታወቂያ ድርጅቶች «ግራፊክስና ዌብ ዲዛይነር» ይሉታል፤ እዚያ ከገባችሁ ከድረ ገጽ ይልቅ ባነርና የበዓል ፖስተር ስትሠሩ እንደምትውሉ ካሁኑ እወቁት። ባንኮች «ዲጂታል ቻናል ኦፊሰር» ዓይነት ስም ይሰጡታል፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ደግሞ «የኮሙኒኬሽን ባለሙያ» ብለው ድረ ገጹን ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይጨምሩታል። ስለዚህ ርዕሱን አይታችሁ አትለፉ፤ የሥራ ዝርዝሩን እስከ ታች አንብቡ። ዎርድፕረስ፣ ፊግማ፣ ሪአክት፣ ሲኤስኤስ ከሚሉት የድረ ገጽ መንደፊያና መሥሪያ መሣሪያዎች አንዱ ካለ የእናንተ ሊሆን ይችላል።

የት ይፈለጋል? ኢትዮጆብስ፣ ሐሁጆብስ፣ ቴሌግራም ላይ አፍሪወርክ፣ ሊንክድኢን። እነዚህ አራቱ ለእኔ በቂ ነበሩ። ከእነሱ ሌላ ግን አንድ ጥሩ መንገድ አለ፤ ማስታወቂያ ያላወጡ ድርጅቶችን ራሳችሁ ማንኳኳት። የምትወዱትን ድረ ገጽ ክፈቱ፣ ከገጹ ግርጌ ማን እንደሠራው ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፣ የሠራውን ድርጅት ፈልጉና ጻፉላቸው። ሥራዬን ያገኘሁት በዚህ ነው። ቀድሞ በወጣ ማስታወቂያ ላይ ከእናንተ ጋር መቶ ሰው ይሰለፋል፤ ባልወጣ ማስታወቂያ ላይ ብቻችሁን ናችሁ።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ «ለመመዝገቢያ»፣ «ለፎርም»፣ «ለሥልጠና» ተብሎ አስቀድሞ በቴሌብር ገንዘብ የሚያስልክ ሥራ ሥራ አይደለም። ሩቅ ያለ ሰው ቢሮውን ሄዶ ማየት ስለማይችል የመጀመሪያው ተጠቂ እሱ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም የክፍል ጓደኛ ካላችሁ አድራሻው ድረስ ሄዶ በሩን እንዲያይላችሁ ለምኑት። የታክሲውን እናንተ ክፈሉ።

2. የሚታይ ሥራ፣ ከአካባቢያችሁ

የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ሥልጠና በ2016 ከተጀመረ ወዲህ ሰርተፍኬት የሌለው አመልካች የለም ማለት ይቻላል። ሥልጠናው ጥሩ ነው፣ ውሰዱት። ግን ቀጣሪው ጠረጴዛ ላይ ያለው ክምር ሁሉ ያው ወረቀት ነው። የሚለያችሁ የሚከፈት ሊንክ ነው። ጊትሀብ ፔጅስ ወይም ኔትሊፋይ በሚባሉ የድረ ገጽ ማስቀመጫዎች ላይ ሥራችሁን ያለ ምንም ክፍያ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሦስት ሥራ ይበቃል፣ ከሦስቱ አንዱ ግን እውነተኛ ሰው የሚጠቀምበት ይሁን።

እውነተኛ ሰው ለማግኘት ባሕር ዳር እንደሚመች ከተማ የለም። የዓሣ ቤቱ፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ የዘጌ ቡና ነጋዴው፣ ባለ ጀልባው፣ ሁሉም የሚሸጠው ነገር አለው፤ ድረ ገጽ ግን የለውም። እኔ የሠራሁት ለአንድ ባለ ጀልባ ነበር፤ እንግዶችን ወደ ገዳማቱና የጣና ውኃ ወደ ዓባይ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ለማሳየት ይወስዳል። ገንዘብ አልጠየቅሁትም፣ አንድ ዙር በነጻ ልሂድ አልኩት።

ገጹ ሲያልቅ ወደቡ ድረስ ይዤለት ሄድኩ። ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ ውኃው ላይ ታበራለች፤ ከኪሱ ማዕዘኑ የተሰነጠቀ ቴክኖ ስልክ አውጥቶ ከፈተው። በእጁ ከለለው፣ ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ መልሶ አራቀው። «ምኑ ነው የተጻፈው? ነጭ ላይ በአመድ ትጽፋላችሁ እንዴ?» አለኝ። እኔ ክፍሌ ውስጥ፣ መጋረጃ ዘግቼ፣ ላፕቶፕ ላይ ስሠራው ቀለል ያለው ግራጫ በጣም አምሮብኝ ነበር። ቤት ገብቼ ስለካው በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት 2.8 ለ 1 ገደማ ሆኖ አገኘሁት፤ የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው ቢያንስ 4.5 ለ 1 ነው። አጠቆርኩትና ከ12 በላይ አደረስኩት። በማግስቱ ያው ፀሐይ ላይ አነበበው።

ይህን ታሪክ በቃለ መጠይቅ ላይ ስናገር ጠያቂዎቹ ወረቀታቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። ከዚያ በፊት «ተጠቃሚን ማዕከል ያደረገ ዲዛይን» እያልኩ ስደረድር ማንም ቀና ብሎ አላየኝም ነበር። ስለዚህ ስትሠሩ ማስታወሻ ያዙ፦ ምን ነበር፣ ማን ምን አለ፣ ምን ቀየራችሁ። ፖርትፎሊዮው (የሥራ ማሳያችሁ) ላይ ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር ይህን በአራት በአምስት መስመር ጻፉት።

ከአማርኛ ድረ ገጽ ጋር የሚመጡ ነገሮችንም አሳዩ፤ ይህ ብዙ አመልካች የሚዘለው ስለሆነ ትርፍ ነው። የግዕዝ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ርዕስን የምትለዩት በመጠንና በውፍረት ብቻ ነው። አቢሲኒካ ፎንት የሚመጣው በአንድ ውፍረት ስለሆነ ብራውዘሩ ራሱ ሲያወፍረው ፊደሉ ይጨመቃል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ከስሱ እስከ ወፍራሙ አለው። በመስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ለእንግሊዝኛ 1.5 ካደረጋችሁ ለአማርኛው ወደ 1.7 ከፍ አድርጉት፣ ያለዚያ «ጯ»ና «ሏ» ይጋጫሉ። ፊደል ማጋደልን (ኢታሊክ) ተዉት፤ ግዕዝ ሲጋደል የሚወድቅ አጥር ይመስላል።

ሰዓትና ቀንም አለ። የባለ ጀልባው ገጽ ላይ «መነሻ ጠዋት 2 ሰዓት» ብዬ ጽፌ እንግሊዝኛውም ላይ 2 ብዬ ነበር፤ ፈረንጁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወደብ ሊወርድ ነበር። ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡም ገጹ ላይ መኖር ነበረበት፤ ከፍለው ደርሰው ጀልባ ላይ ከሚጠብቁ ቀድመው ቢያውቁት ይሻላል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ከየትኛውም የተገለበጠ አብነት ላይ አይገኝም።

ፎቶውን አቅልሉ። አራት ሜጋባይት የሚመዝን የዘጌ ጫካ ፎቶ ማንም ጭኖ አይጨርሰውም፤ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት ቀይራችሁ፣ መጠኑን አሳንሳችሁ ከ200 ኪሎባይት በታች አውርዱት። ከዚያ ክሮም ላይ የኔትወርኩን ፍጥነት ወደ ስሪጂ ዝቅ አድርጋችሁ ገጹን ክፈቱት። ቡና እስኪፈላ ካልተከፈተ አልጨረሳችሁም።

3. ርቀቱን ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ

ሩቅ ያለን ሰው ሊቀጥር የሚያስብ ኃላፊ ሦስት ነገር ያስጨንቀዋል። በእርግጥ ይመጣል? መቼ? መጥቶስ ይቆያል? እሱ እስኪጠይቅ አትጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ ያልፋችኋል። ሲቪያችሁ ላይ አድራሻችሁን «ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ዝግጁ» ብላችሁ ጻፉ። በደብዳቤው ወይም በመልእክቱ ደግሞ ቀን ቁረጡ። እኔ የላክሁት ይህን ይመስል ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። የሠራችሁትን የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ አይቼ ነው የምጽፍላችሁ። በስልክ ሲከፈት የክፍያው ቁልፍ ከስክሪኑ ውጭ ይወጣል፤ እንዴት እንደሚስተካከል የሚያሳይ አንድ ፎቶ አያይዣለሁ። ዌብ ዲዛይነር ነኝ፣ ሦስት ሥራዎቼ በዚህ ሊንክ አሉ። አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ብቀጠር በ3 ሳምንት ውስጥ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ማረፊያ ጀሞ ዘመድ ቤት አለኝ። እስክመጣ ድረስ ከዚህ ሆኜ መጀመር እችላለሁ። በቪዲዮ ለመነጋገር የፈለጋችሁት ቀን ይመቸኛል፤ በአካል ከፈለጋችሁኝ ከ4 ቀን በፊት ብትነግሩኝ እመጣለሁ።»

አጭር ነው። ስህተታቸውን የጠቆመው በትሕትና፣ ከነመፍትሔው ነው። «በቅርቡ እመጣለሁ» አይልም። ቅርቡ ስንት ነው? አሁን ሌላ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ 3 ሳምንት ብላችሁ አትጻፉ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ክሊራንሱና የሥራ ልምድ ደብዳቤውም ጊዜ ይበላል። 6 ሳምንት በሉ።

ሲቪው በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ሁለት ገጽ አይለፍ፣ ፒዲኤፍ አድርጉት። የላካችሁበትን ቀን፣ የድርጅቱን ስምና የመልሱን ሁኔታ በአንድ ሠንጠረዥ መዝግቡ። በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ሁለተኛ ማስታወስ ልመና ነው።

4. የፈተና ሥራው

ከቃለ መጠይቁ በፊት ወይም በኋላ «ይህን ሠርታችሁ ላኩ» ማለታቸው አይቀርም። ለሩቅ አመልካች ይህ ዕድል ነው፤ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር እኩል የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ልኩን ግን እወቁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት አምስት ሙሉ ገጽ፣ ከእውነተኛ ደንበኛ አርማ ጋር፣ በአራት ቀን ሥሩ አለኝ። አራት ሌሊት አልተኛሁም። ላክሁ፤ ዝም አሉ። ከወር በኋላ የሠራሁት ገጽ፣ እኔው የመረጥኩት አረንጓዴ ሳይቀየር፣ በደንበኛው ስም ወጥቶ አየሁት። ስደውል የሚያነሳ የለም።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ ይህ ነው። አንድ ገጽ፣ አንድ ቀን። ከዚያ በላይ ከሆነ ክፍያውን እጠይቃለሁ፤ ትንሽም ቢሆን። ፊግማውን ለማየት ብቻ በሚፈቅድ ሊንክ እልካለሁ፣ ኮዱን አልልክም። እውነተኛ የደንበኛ አርማ ከሰጡኝ በፈጠራ ስም ቀይሬ እሠራለሁ። ጨዋ ድርጅት በዚህ አይቀየምም፤ የሚቀየመውን ደግሞ እንኳን ቀድሜ አወቅሁት።

5. በቪዲዮ ስትቀርቡ

መጀመሪያ ሰዓቱን አጣሩ። «ማክሰኞ 3:00» የሚል መልእክት ደርሶኝ ሸሚዝ ተኩሼ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላፕቶፑ ፊት ተገተርኩ። ዐርባ ደቂቃ ማንም አልመጣም። ተስፋ ቆርጬ ወጥቼ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ባጃጅ ውስጥ እያለሁ ደወሉ፤ እነሱ የፈረንጁን 3 ሰዓት ነበር ያሉት። የመገናኛ ሊንኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚልከው፣ ሰዎቹ ግን በስልክ በእኛ ያወራሉ። «በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት 9 ሰዓት ማለት ነው አይደል?» ብላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ።

መብራትና ኔትወርክ የታወቀ ነው። መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ይሄዳል፤ ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ስልካችሁ ላይ ዳታ ይኑር። እኔ አንዱን ሲም ኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላውን ሳፋሪኮም አድርጌ ነው የምቀርበው፤ አንዱ ሲዝል በሌላው እቀጥላለሁ። ስትጀምሩ «ብቆረጥ በዚህ ስልክ ይደውሉልኝ» ብላችሁ ቁጥሩን በቻት አስቀምጡ። ተቆርጦባችሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በተረጋጋ ድምፅ ከተመለሳችሁ ከሩቅ መሥራት እንደምትችሉ አሳያችሁ ማለት ነው።

ቦታ ምረጡ። ካፌ አይሆንም። ቤታችሁ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆነና ወሩ የጾም ከሆነ ከቀትር በኋላ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይደርሳችኋል፤ ጠዋት እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። እኔ ያን ቀን የዋለልኝ የጎረቤቴ ዕቃ ቤት ነው፤ ከጀርባዬ የጤፍ ጆንያ ነበር፣ አንሶላ ሰቀልኩበት።

«ለምን አዲስ አበባ?» ይሏችኋል። «እዚህ ሥራ ስለሌለ» ብቻ ካላችሁ፣ የተሻለ ሲመጣ ትሄዳላችሁ ብለው ይጽፋሉ። ከነሱ ሥራ ጋር የሚያያዝ ምክንያት ይኑራችሁ፦ የክፍያ ሥርዓት ያለበት ትልቅ ሥራ፣ ከላይ የሚያርም ከፍተኛ ዲዛይነር፣ የምትማሩት ነገር። እውነት መሆን አለበት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ለምሳሌ የትኛውን ሥራችንን?» ነው።

6. ደመወዙን አስሉት

«25,000 ብር» ሲባል ልባችሁ ይመታል። ቀስ በሉ፤ የተጣራ ነው ያልተጣራ? ዝም ካሉ ያልተጣራ ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በ15፣ በ20፣ በ25፣ በ30 በመቶ እያደገ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ለአጭር ስሌት፣ ደመወዙ ከ14,000 በላይ ከሆነ ሙሉውን በ35 በመቶ አባዙና 2,050 ቀንሱ። ለ25,000 ግብሩ 6,700 ይመጣል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፣ 1,750 ብር። እጃችሁ የሚገባው 16,550 ነው። አሠሪው የራሱን 11 በመቶ ለጡረታ ይከፍላል፤ ይህ ከእናንተ ደመወዝ አይነሳም፣ የሚያነሳ ካለ ተሳስቷል።

ከዚያ 16,550 ላይ ኪራዩን፣ ምሳውን፣ ታክሲውን አንሱ። የታክሲው ነገር ባሕር ዳር ላደገ ሰው አይገባውም፤ እኛ አንድ ባጃጅ ይዘን የትም እንደርሳለን። ቢሮው ቦሌ ሆኖ ቤታችሁ ጀሞ ወይም አያት ከሆነ ሁለት ታክሲና ሰልፍ ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት ቢሮው የት ሰፈር እንደሆነ ጠይቁና እዚያ አካባቢ ያለ ሰው ኪራዩን እንዲነግራችሁ አድርጉ። ከደላላ በስልክ የሰማችሁትን ግን አትመኑ።

አነሰኝ ካላችሁ በቁጥር ተናገሩ። «ከባሕር ዳር ስለምመጣ ኪራይ አዲስ ወጪዬ ነው፣ የተጣራ ይህን ያህል ከሆነ እችላለሁ» ማለት ያባት ነው። ደመወዙን ማሳደግ ካልቻሉ የትራንስፖርት አበል፣ ወደ አዲስ አበባ የምትመጡበትን ወጪ፣ ወይም በሳምንት አንድ ቀን ከቤት መሥራት ጠይቁ። እኔ የአውሮፕላን ቲኬቱን አስከፍያለሁ፤ ያልጠየቀ ጓደኛዬ አላገኘም።

7. ወረቀቱ እጃችሁ ሳይገባ አትነሡ

በስልክ «ተቀብለንሃል» መባል መቀጠር አይደለም። የቅጥር ደብዳቤ ወይም ውል፣ ማኅተም ያለበት፣ ስካን ተደርጎ ይላክላችሁ። እዚህ ላይ የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ የሚጀመርበት ቀን፣ የሥራ ቦታውና ላልተወሰነ ጊዜ ይሁን ለተወሰነ ጊዜ መሆኑ መጻፍ አለበት። «እስክትመጡ ከባሕር ዳር ሥሩ» ካሉ ይህም ከነቀኑ ይጻፍ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሲደርስ «ገና አልጀመራችሁም» ይመጣል።

የሙከራ ጊዜውን ልብ በሉ። ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ይህ 12 ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ አይደላችሁም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ያሰናብቷችኋል። ስለዚህ ፍሪጃችሁንና አልጋችሁን ለመሸጥ አትቸኩሉ። ዕቃው እናት ቤት ይቆይ፤ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ ይዛችሁ ግቡ።

ከዚያ ዋስ። ይህ ከክፍለ ሀገር የሚመጣውን ሁሉ የሚያደናቅፍ ነገር ነው፣ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ እንዲያመጣላችሁ ይጠይቃሉ። አዲስ አበባ ገብታችሁ፣ በሁለተኛው ቀን፣ ማንን ታመጣላችሁ? ሥራው እንደተሰጣችሁ ወዲያው «ዋስ ያስፈልጋል? የባሕር ዳር ሰው ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኔን አክስቴ ናት የሆነችው፤ አስተማሪ ናት፣ የትምህርት ቤቷ ደብዳቤ ተቀባይነት አገኘ። ግን ጸሐፊው ፈቃድ ላይ ስለነበረ ደብዳቤው እስኪወጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። አክስቴ በየቀኑ እየተመላለሰች «ይኼ ኮምፒዩተርህ አገልጋይ አደረገኝ» ስትለኝ ነበር።

ሌላው ቀላል ነው፦ ፋይዳ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ዲግሪው ወይም ቴምፖው ከነኮፒው፣ የሥራ ልምድ፣ ፎቶ። የቀበሌ መሸኛችሁንም ከባሕር ዳር ሳትወጡ አውጡ፤ ኋላ ለእሱ ብቻ መመለስ ያናድዳል።

8. ቤትና መንገድ

ቤት ከሩቅ ሆናችሁ አትከራዩ። መጀመሪያ ዘመድ ወይም ጓደኛ ጋር እረፉ፣ የቢሮውን መንገድ ካወቃችሁ በኋላ ፈልጉ። ስትከራዩ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠየቅ ይከለክላል፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት አያንስም። አከራዩ ስድስት ወር አምጡ ካለ ሕጉን ጥቀሱለት፣ ምናልባት ሌላ ቤት ፈልጉ ይላችኋል። ቢሆንም እወቁት።

በአውቶቡስ ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት የተጓዘ ሰው ስለ መንገዱ ጠይቁ፤ መንገዱ ከተዘጋ ለቀጣሪው ዕለቱን ንገሩ። ላፕቶፑን ጭነት ላይ አትስጡ፣ ጭናችሁ ላይ ይሁን። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ለበዓል ሰሞን ቲኬቱን ቀድማችሁ ቁረጡ።

ሥራው ሰኞ የሚጀመር ከሆነ ዐርብ ግቡ። ቅዳሜ እረፉ። እሑድ ከምታርፉበት ቤት እስከ ቢሮው በር ድረስ በታክሲ ሂዱ፣ የት እንደሚወረድ፣ የቱ ታክሲ እንደሚይዝ እዩ። እኔም እንዲሁ አድርጌ ሰዓቴን ስለካው ከጀሞ እስከ ቢሮው 35 ደቂቃ ወሰደብኝ፤ ሰኞ ጠዋት ያው መንገድ 1 ሰዓት ከሩብ ፈጀ፣ እኔም በመጀመሪያ ቀኔ አርፍጄ ገባሁ።